የአዳኝ ውሻ ዋና ሙያ መተው ነው

ፍየል የሚያድን ውሻ ምን ዓይነት መሆን እንዳለበት የሚጠይቁኝ ሰዎች መልሱን ከጥያቄው ጋር ይዘውት ይመጣሉ፤ ፈጣን፣ ደፋር፣ ጥርሱ የማይምር እንድላቸው ይጠብቃሉ። ሸፍተው ዱር የገቡ ፍየሎችን በኒውዚላንድ ተራሮች በውሻ እየፈለጉ ማደን እንጀራዬ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል፤ ሥራው ያስተማረኝ ግን የዚህን ተቃራኒ ነው። ሮጦ መያዝን ማንም ውሻ ከእናቱ ሆድ ይዞት ይወለዳል። የሚያስመሰግነው የሚተወውን ለይቶ ማወቁ ነው።

በመጀመሪያ ፍየል ለምን እንደሚገደል ልናገር፤ ለኛ አገር ሰው ይህ በቀላሉ የሚዋጥ ነገር አይደለምና። እኔ ያደግሁት በዋግ ፍየል ስጠብቅ ነው። እዚያ ፍየል የክፉ ቀን ደራሽ ናት፤ ልጅ ሲታመም ትሸጣለች፣ እንግዳ ሲመጣ ትታረዳለች፣ ዝናብ ከልክሎ ላም ስትደርቅ እሷ ወተት አትነፍግም። ሥራዬን በስልክ የነገርኳት ዕለት እናቴ «ልጄ፣ ፍየል ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ጠላት የሆነችው?» ብላ ዝም አለች። ጥያቄዋ እውነት አለው። መልሱን ለማግኘት ግን ፍየሏን ትቶ መሬቱን ማየት ያስፈልጋል።

ኒውዚላንድ ሰው ከመድረሱ በፊት ከሌሊት ወፍ በቀር በየብስ የሚኖር አጥቢ እንስሳ ያልነበራት አገር ናት። ዛፎቿና ሐረጎቿ ለብዙ ሚሊዮን ዓመታት የበቀሉት ፍየልም አጋዘንም ሳያውቃቸው ነው። ካፒቴን ጀምስ ኩክ በ1773 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሁለተኛ ጉዞው ፍየሎችን በደቡብ ደሴት ሰሜናዊ ጫፍ አውርዶ ለቀቀ። ከእሱ በኋላ የመጡት ሰፋሪዎችም ለሥጋው፣ ለጠጉሩና አረም ለማጥፋት እያሉ ብዙ ፍየል አስገቡ። አጥሩን ዘሎ የወጣው፣ ባለቤቱ ሰልችቶት የለቀቀው ሁሉ ዱር ገባ። ፍየል በአምስት ወር ትወልዳለች፤ መንታ መውለድ ልማዷ ነው፤ በዚያ አገር ደግሞ ነብርም ጅብም የለባትም። «ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ» የሚለው ተረታችን እዚያ ያለ ምንም ማጋነን የሚታይ ነገር ሆነ።

ፍየል የበዛበትን ደን ከሩቅ ያየ ሰው ምንም የጎደለው አይመስለውም። ገብቶ ጎንበስ ያለ ግን ያዝናል። ትልልቆቹ ዛፎች ቆመዋል፤ ከሥራቸው ግን ችግኝ የለም፣ ፈርን የለም፣ የወደቀ ዘር በቅሎ ጉልበት ሳይደርስ ተቀጥፏል። ወጣቱ ተሰዶ ሽማግሌው ብቻ የቀረበት መንደር ይመስላል። የተቀነጠበውን ቀንበጥ አንስቼ ጫፉን በጣቴ እዳስሳለሁ። ጥንቸል ከሆነች በቢላ እንደ ተቆረጠ ሰያፍና ልስልስ ብሎ ይገኛል። ፍየል ግን በላይኛው መንጋጋዋ የፊት ጥርስ ስለሌላት ይዛ ነው የምትገነጥለው፤ ጫፉ ጭራሮ ያወጣል። ጫፉ ገና እርጥብ ከሆነ ውሻዬን ከአጠገቤ አላርቅም።

ውሻዬ ቡላ ትባላለች። ጠዋት ፀሐይ ተራራውን ሳታሞቀው ቀዝቃዛው አየር ከላይ ወደ ታች ስለሚፈስ ከሸለቆው ሥር ሆነን እንጀምራለን፤ ከላይ ያሉት ፍየሎች ሽታ ራሱ ይወርድልናል። ረፋድ ላይ አየሩ ሞቆ ወደ ላይ መውጣት ሲጀምር እኛም ቦታ እንቀይራለን። ይህን ያልተረዳ አዳኝ የራሱን ሽታ በፊቱ እየላከ ቀኑን ሙሉ ባዶ ጫካ ሲዞር ይውላል። ፍየልን ከሚያስጠሏት ነገሮች አንዱ ዝናብ ነው፤ ሲዘንብ ከቋጥኝ ጥግ፣ ከዋሻ አፍ ትጠለላለች፤ ሲያባራ ፀሐይ ወደሚመታው ገደል ትወጣለች። ስለዚህ ከዝናብ ማግስት ያለው ጠዋት ለእኛ ገበያ ነው።

ቡላ ሽታ ሲደርሳት መጀመሪያ የሚለወጠው አካሄዷ ነው። መሬት መሬት ስትል የነበረችው አፍንጫዋን ሽቅብ ታነሣለች፤ እርምጃዋ ያጥራል፤ ጅራቷ ቀጥ ብሎ ጫፉ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ዞር ብላ ታየኛለች። ያቺ መዞር ብዙ ወራት የፈጀ ትምህርት ውጤት ናት፤ «አገኘሁ፣ ልሂድ ወይስ ልቆይ?» ማለቷ ነው። ቆዪ ካልኳት ትቆያለች። እየተንቀጠቀጠች፣ ምራቋ እየተንጠባጠበ ትቆያለች። ሂጂ ካልኳት ወጥታ መንጋውን ታስቆማለች። ፍየል ውሻ ሲመጣባት እንደ ሚዳቋ አገር አቋርጣ አትጠፋም፤ ጠባይዋ ወደ ገደል ወጥቶ፣ ጀርባን ለቋጥኝ ሰጥቶ፣ ቀንድን ወደ ውሻው አዙሮ መቆም ነው። ውሻዋ ከፊት ሆና ስትጮኽ እኔ ድምፁን ተከትዬ እደርሳለሁ። አንገቷ ላይ ያለው የሳተላይት መሣሪያ የት እንዳለች በእጄ ስለሚያሳየኝ ጫካው ድምፅ ቢውጥም አላጣትም።

እዚህ ላይ ነው የመጀመሪያው መተው የሚመጣው፤ ውሻዋ አትነክስም። ተኳሹ እስኪደርስ መንጋውን አስጨንቃ ማቆም እንጂ መንጠቅ ሥራዋ አይደለም። የምትናከስ ውሻ አንዲቱን ይዛ ስታሠቃይ የቀሩት በየአቅጣጫው ይበተናሉ፤ ራሷም በቀንድ ተወግታ ወይም ከገደል ወድቃ ልትቀር ትችላለች። ከሁሉ በላይ ግን የሚሞት እንስሳ ያለ ስቃይ ይሙት የሚለው ሕግ ይፈርሳል። እኔ የምቀበለው ሞት በአንድ ጥይት የሚመጣውን ብቻ ነው።

ሁለተኛው መተው ከዚህ ይከብዳል። ያ ደን የኪዊ ቤት ነው። ኪዊ ክንፍ አልባ ወፍ ናት ማለት ይቻላል፤ ቀን ጉድጓድ ውስጥ ትተኛለች፣ ሽታዋ ለውሻ ከሩቅ ይጠራል፣ ደረቷን የሚከልል ጠንካራ አጥንትና ጡንቻ ስለሌላት ውሻ ለጨዋታ እንኳ በአፉ ቢይዛት ትሞታለች። በ1987 በዋይታንጊ ደን ውስጥ አንድ ውሻ ብቻውን በጥቂት ሳምንታት 500 ያህል ኪዊዎችን እንደ ገደለ ተገምቷል። አንድ ውሻ ነው ይህን ያደረገው። ስለዚህ የኛ ውሾች ኪዊን እንዲሸሹ ይሠለጥናሉ፤ የኪዊ ሽታ ወዳለበት ሲጠጉ የአንገት ቀበቶው በኤሌክትሪክ ይቆነጥጣቸዋል፤ የተማረ ውሻ ከዚያ በኋላ ሽታው ሲደርሰው መንገድ ለውጦ ያልፋል። ትምህርቱ በየጊዜው ይታደሳል፣ ፈተናው ይደገማል። በዚህ ላይ የገበሬው በግ አለ፣ ከርከሮ አለ፣ አጋዘን አለ። ሁሉም ይሸታሉ፣ ሁሉም ይሮጣሉ፣ ሁሉም የውሻን ደም ያሞቃሉ። ከርከሮ ተከትሎ ሸለቆ የሚሻገር ውሻ የቱንም ያህል አፍንጫ ቢኖረው ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ሦስተኛው መተው የአዳኙ የራሱ ነው። አምስት ፍየሎች በገደሉ ማዶ ቢታዩኝና ከቆምኩበት ሁለቱን ብቻ መምታት እንደምችል ካወቅሁ ጠመንጃዬን አላነሣም። ምክንያቱም የሚያመልጡት ሦስቱ ዕውቀት ይዘው ነው የሚሄዱት። የጥይት ድምፅ፣ የውሻ ጩኸት፣ የሰው ሽታ ምን እንደሚያመጣ የተማረች ፍየል በሚቀጥለው ጊዜ ገና ኮሽታ ስትሰማ ጥቅጥቅ ካለው ውስጥ ገብታ ጸጥ ትላለች። የመጀመሪያ አሠልጣኜ የነበሩት አዛውንት የአገሩ ሰው «ሁሉንም ካልሆነ አንዱንም» ይሉኝ ነበር። ወጣት አዳኝ ይህን ምክር ሲሰማ ይስቃል፤ ጥቂት ክረምት ካለፈበት በኋላ ግን ለሌላው ሲመክር ታገኘዋለህ።

ይህ ሁሉ መተው የሚደረገው ሊተው ለማይቻለው ለመጨረሻው ፍየል ነው። የሙያው ክብደት ያለው በብዛቱ ጊዜ አይደለም። በኢኳዶር ጋላፓጎስ ደሴቶች፣ ሳንቲያጎ በምትባለው ደሴት ላይ 79 ሺህ ያህል ፍየሎች አምስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ተወግደዋል። ጠቅላላ ወጪው 6.1 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ከዚህ ውስጥ 2 ሚሊዮኑ የወጣው በመጨረሻዎቹ አንድ ሺህ ፍየሎች ላይ ነው። የደሴቲቱ ድንጋይ የእሳተ ገሞራ ቅሪት ስለሆነ ለውሾቹ እግር ጫማ ተሠርቶላቸው ነበር። ውሻ ያላገኛቸውን ደግሞ ፍየል እንድታገኛቸው ተደረገ፤ አንገቷ ላይ የሬዲዮ መሣሪያ የታሰረላት ፍየል ትለቀቃለች፣ ፍየል ብቸኝነት ስለማትወድ የተደበቁትን ፈልጋ ትቀላቀላለች፣ አዳኞቹም በእሷ በኩል ይደርሱባቸዋል። የይሁዳ ፍየል ይሏታል።

ለመጨረሻዋ ይህን ያህል መድከም ለምን አስፈለገ ለሚል የፒንታ ደሴት ታሪክ በቂ ነው። እዚያው ጋላፓጎስ ውስጥ በ1959 ዓሣ አጥማጆች በፒንታ ላይ ሦስት ፍየሎችን ለቀቁ። ጥቂት አሥርት ዓመታት ሳይሞሉ ሦስቱ በአሥር ሺዎች ሆኑ። ስለዚህ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ከቀሩ ሥራው አላለቀም ማለት ብቻ አይበቃም፤ እንደ አዲስ ተጀምሯል። በኒውዚላንድ በ2,518 ሜትሩ የታራናኪ ተራራ ዙሪያ ባለው ብሔራዊ ፓርክ ፍየል ማደን የተጀመረው በ1925 ነው። ፓርኩ ከፍየል ነጻ ሆነ የተባለው በ2022 ነው። አያት የጀመረውን የልጅ ልጅ ጨረሰው። በዚያ ሁሉ ዘመን የነበሩት አዳኞች ብዙዎቹ ፍጻሜውን ሳያዩ አልፈዋል።

ስለ ሥጋው የሚጠይቁኝ አሉ፤ እናቴም ጠይቃኛለች። አብዛኛው ተሸክመው ከማይወጡበት ጫካ ውስጥ ይቀራል፤ በረሃብ ዘመን ተረት ላደገ ሰው ይህ ያማል፤ ዛሬም ያመኛል። ለውሾቼ የምወስደው እንኳ ዝም ብሎ አይሰጥም፤ ጥሬ ሥጋ የበላ ውሻ የኮሶ ትል ይዞ ወደ ገበሬው በግ እንዳያዛምት ሥጋው ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ ለ10 ቀን ይቀዘቅዛል ወይም በደንብ ይቀቀላል፤ ውሾቹም የትል መድኃኒት በጊዜው ይወስዳሉ። ሕመሙን የሚያስታግስልኝ ጫካው ነው። ፍየል ከጠፋበት ሸለቆ ከጥቂት ዓመት በኋላ ስመለስ ችግኙ ወገቤን አልፎ መንገድ ይዘጋብኛል።

ለእናቴ የሰጠኋት መልስም ይኸው ነው፤ ፍየል ጠላት ሆና አታውቅም። እረኛ ያላት ፍየል ሀብት ናት፤ ጥፋቱ ለቅቋት የሄደው ሰው ነው፣ ዕዳውን የምትከፍለው ግን እሷ ናት። ስለዚህ ዕዳዋን ላሳጥርላትና ሞቷን ላቀልላት እንጂ ልኮራባት አይገባኝም።

ቡችላ ለአደን የምታሳድጉ ካላችሁ ከዚህ ሥራ የማካፍላችሁ አንድ ነገር አለኝ። ማሳደዱን አታስተምሩት፤ ራሱ ያውቀዋል። ስትጠሩት መምጣትን፣ ቁም ሲባል መቆምን፣ ተው ሲባል መተውን አስተምሩት። እነዚህን ሳይጨርስ ከጠመንጃ ጋር ጫካ አትውሰዱት። እናንተም ራሳችሁ ሳትጨርሷቸው አትሂዱ።