አፈ ንጉሥ፦ ከንጉሥ አንደበት እስከ ዳኛ ወንበር

ከፍርድ አደባባይ አገልጋዮች ሁሉ አድናቆቴ ለአፈ ንጉሥ ነው። ስሙ ሥራውን ይናገራል፤ የንጉሥ አፍ። ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወደ ልብነ ድንግል ሲመጣ፣ ንጉሡ ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ ቃሉ በመልእክተኛ አፍ ሲመላለስ አይቷል። በእንዲህ ያለ ሥርዓት ቃል አቀባዩ አንዲት ቃል ቢያዛባ የሰው ርስት ይሄዳል፣ ነፍስም ትጠፋለች። ስለዚህ ሥራው ከሁሉ በፊት ታማኝነትን ይጠይቃል። ያ አደራ አድጎ አፈ ንጉሡን ራሱን ዳኛ አደረገው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የፍርድ ሚኒስትርነቱን የያዙት አፈ ንጉሥ ነሲቡ ነበሩ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመንም የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት በዚሁ ማዕረግ ይጠራ ነበር።

«የሌላ ሰው አፍ የሆነ እንዴት ነጻ ዳኛ ይባላል?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ የመጨረሻው ቃል የዙፋኑ ነበር። ነገር ግን በአደባባይ የተነገረ ፍርድ ምስክር አለው፤ በጓዳ የተቆረጠ ግን የለውም። ዛሬ የምክር ቤቱን ሰብሳቢ «አፈ ጉባኤ» ስንል ያንኑ አደራ እናስታውሳለን። ችሎት ፊት ቆሞ የሌላውን ቃል ሳያጎድል የሚያደርስ ሁሉ፣ አስተርጓሚም ሆነ ጸሐፊ፣ የዚህ አደራ ወራሽ ነውና ክብር ይገባዋል።