ስለ ቤት ቢራ የበርሜል አሠራር በቀረቡ ስያሜዎች ላይ የተሰጠ አስተያየት

በቤት የተጠመቀ ቢራ በበርሜል ውስጥ ስለሚደርስበትና ጋዝ ስለሚይዝበት አሠራር የተሰናዳ አንድ የስያሜ ረቂቅ ደርሶን መርምረነዋል። ቃላቱንም በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ፣ በደምቢያ ቆላ ድባ፣ ከዳጉሳና ከገብስ ጠላ ከሚጠምቁ ሴቶች አነጋገር ጋር አስተያይተናቸዋል። አዘጋጁ መድከሙ አያጠራጥርም፤ ሆኖም ከዋናዎቹ ስያሜዎች አብዛኞቹን ለመቀበል አልቻልንም።

«ኮንዲሽኒንግ» «ማመቻቸት» ተብሏል። ማመቻቸት ለወንበርም ለስብሰባም የሚሆን ቃል ነው። እዚህ የተፈለገው ግን ዋናው ፍላት ካበቃ በኋላ ቢራው ቆይቶ ጣዕሙ የሚረጋበት፣ አተላው የሚዘቅጥበት ጊዜ ነው። የቆላ ድባ ጠማቂ ይህን «ጠላው ደረሰ» ትለዋለች፤ ጉሹ ሲጠራም «ጠለለ» ትላለች። ስለዚህ «አደራረስ»ን ለጠቅላላው፣ «ማጥለል»ን ለማጥራቱ ብቻ እንመርጣለን። («ቢራ ማድረስ» ቢባል የጭነት መኪና የሚታየው አንባቢ አይጠፋም፤ «ድርሰት»ንም ደራስያን ቀድመው ወስደውታል።)

«ካርቦኔሽን»ን «ካርቦን መጨመር» ማለት ከቋንቋም ከኬሚስትሪም ያጣላል። ካርቦን ከሰል ነው፤ ወደ ቢራው የሚገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ቢራው በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቀዝቅዞ፣ በ0.8 ባር ግፊት አንድ ሳምንት ያህል ቢቆይ፣ ከራሱ ይዘት 2.5 እጥፍ የሚሆን ጋዝ ይሰርግበታል። ውሃ ወደ መሬት ይሰርጋል እንደምንል «ጋዝ ማስረግ» ቢባል ለአምቦ ውሃ ጠጪም ግልጽ ነው።

ከሁሉ የከፋው «ማፍላት» ነው። ረቂቁ በእሳት ለሚደረገውም፣ በእርሾ ለሚሆነውም፣ በበርሜል ስኳር ተጨምሮበት ለሚደገመውም ይህንኑ አንድ ቃል ይጠቀማል። በአማርኛ ውሃም ጠላም ይፈላል፤ ጠማቂዋ ምድጃውንና ጋኑን እያየች ስለምትናገር አትሳሳትም። መመሪያ አንባቢ ግን ከወረቀቱ በቀር የሚያየው የለም፤ «በበርሜሉ ውስጥ አፍላው» ሲባል የታሸገ ብረት እሳት ላይ ቢጥድ ጥፋቱ የማን ነው? ለእሳቱ «ማንተክተክ»፣ ለእርሾው «ማፍላት»፣ ለሁለተኛው «ዳግም ማፍላት» ይባል።

በርሜሉን መዝጋት «መምረግ» መባሉ መጀመሪያ ደስ አሰኝቶን ነበር፤ ከጋን የተወሰደ ጥሩ ቃል ነውና። ቆይተን ስናስበው ግን ፈራነው። የጋን ምርጊት ጭቃ ነው፤ ጋዙ ሲበረታ ይሰነጠቅና ትንፋሹን ያወጣል። ብረት አይሰነጠቅም፤ ስኳሩ ከበዛ ግፊቱን የሚያስተነፍስ ቫልቭ ያስፈልገዋል። «መምረግ» ይህን አደጋ ከአንባቢው ይሸሽጋል። «ማሸግ» ይሁን፤ ቫልቩም ከፍችው ጋር አብሮ ይጠቀስ።

ዕቃውን ራሱን «የብረት ጋን» ማለት ትርፍ ነው። ድራፍት የሚቀዳበት መጠጥ ቤት ሁሉ «በርሜል» ይለዋል።