የማያመው እግር ይቅደም

አዲስ የተመደቡ ነርሶች ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ፤ «እግሬ ደነዘዘ የሚል ሰው ሕመም ከሌለው ሪፈር መጻፍ ለምን ያስፈልጋል?» ለታች ጋይንቷ አርብ ገበያ ጥያቄው ቀላል አይደለም። ገበሬው ጤና ጣቢያ ጎራ የሚለው ለገበያ በወጣበት ቀን ነው፤ ደብረ ታቦር ሆስፒታል መሄድ ደግሞ የመኪናና የስንቅ ወጪ አለው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ግን ከአቋሙ ንቅንቅ አይልም። የሚያመው እግር ባለቤቱን ጎትቶ ሐኪም ዘንድ ያመጣዋል። የደነዘዘው እሾህ ይዞ ይራመዳል፣ በጋይንት ብርድ ምድጃ ዳር ተዘርግቶ ይቃጠላል፣ ባለቤቱም የሚያውቀው ቁስሉ ሲሸት ነው። ሐኪሙ ፖል ብራንድ በሕንድ ቬሎር የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሲያክም ያስረዳው ይህንኑ ነበር፤ ጣት የሚያልቀው በሽታው ሥጋ ስለሚበላ ሳይሆን ስሜት ያጣ እግር ሳያውቅ ደጋግሞ ስለሚጎዳ ነው።

ክርክሩ የሚከረው የደም ስኳር ለክተው «ደህና ነዎት» ብለው ከሚሸኙ ባልደረቦች ጋር ነው። ስኳር ዋና መነሻ ቢሆንም ብቻውን አይደለም። ሥጋ ደዌ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ አረቄ ማብዛት፣ ቫይታሚን ቢ6 ሳይታከልበት የሚወሰድ አይሶኒያዚድ የተባለው የቲቢ መድኃኒት፣ ሁሉም እግር ያደነዝዛሉ። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወሎ ደላንታ ዳውንት ላይ ብዙ ሰው ያሽመደመደው ጓያ ግን ሌላ ነው፤ እግርን ያደርቃል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ስሜት አያጠፋም።

ስለዚህ ጫማው ይውለቅ። ታካሚው ዓይኑን ይጨፍን። መርማሪው በአመልካች ጣቱ ጫፍ የእያንዳንዱን እግር አውራ ጣት፣ መካከለኛውንና ትንሿን ጣት ሳይጫንና ሳይመታ ለአንድ ወይም ሁለት ሰከንድ ይንካ። ከስድስቱ ሁለቱ ወይም ከዚያ በላይ ሲነኩ ካልተሰማው እግሩ አደጋ ላይ ነው። ዘዴው ከእንግሊዟ ኢፕስዊች የተገኘ ሲሆን አንድ ሳንቲም አያስወጣም። መሣሪያ የለንም የሚለው ምክንያት እዚህ ላይ አይሠራም።

መቼ ይኬድ? ድንዛዜው ከጣት ወደ ቁርጭምጭሚት ሲወጣ፣ ነጠላ ጫማ ሳይታወቅ ከእግር ሲወልቅ፣ ቆዳ ላይ ሲነኩት የማይሰማ ነጣ ወይም ቀላ ያለ ምልክት ሲታይ፣ መጪው የአርብ ገበያ አይጠበቅ። በሥጋ ደዌ የሚደርስ የነርቭ ጉዳት ስድስት ወር ሳይሞላው ከተደረሰበት ፕሬድኒሶሎን በተባለ መድኃኒት ሊመለስ ይችላል፤ ከዚያ ካለፈ ተስፋው ይመነምናል። የሥጋ ደዌው መድኃኒት ራሱ በነፃ ነው። ድንዛዜው ከድካም ጋር በቀናት ውስጥ ሽቅብ ከወጣ፣ ብልት አካባቢ ከደነዘዘ፣ ሽንት ከታገደ ወይም ካመለጠ፣ በአንድ ጎን ድንገት ከመጣ፣ ወይም እግሩ ከቀዘቀዘና ከጠቆረ ግን ነገ የሚባል ነገር የለም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ነው።

ጸሐፊውን ከሕክምና ሙያው ጋር ያስተሳሰረው መድኃኒቱ ብቻ አይደለም። አንድ አዛውንት ፊት ተንበርክኮ እግራቸውን ሲይዝ «ኧረ ተው ልጄ፣ ቆሻሻ ነው» ይላሉ። በሰሙነ ሕማማት ሐሙስ ካህኑ የምእመናንን እግር ዝቅ ብሎ ሲያጥብ ያየ ሰው ግን መንበርከኩ አያሳፍረውም። ብዙዎቹ እግራቸውን ለሌላ ሰው ያሳዩት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ የደበቁትንም ቁስል የሚናገሩት ያኔ ነው።

እርስዎም ዛሬ ማታ የአባትዎንና የእናትዎን የእግር ጣቶች ዓይናቸውን አስጨፍነው ይንኩ፤ ካልተሰማቸው በነጋታው ጤና ጣቢያ ይውሰዷቸው።