ከዓይን ወደ ጆሮ፦ የሁለቱ «ሬዚደንት ኢቭል 2» ፍርሃት

የጃፓኑ ካፕኮም እ.ኤ.አ. በ1998 «ሬዚደንት ኢቭል 2»ን ለፕሌይስቴሽን ሲያወጣ የዳይሬክተሩ የሂዴኪ ካሚያ ዋና የማስፈራሪያ መሣሪያ ካሜራው ነበር። ጨዋታው በ2019 እንደ አዲስ ተሠርቶ ሲመጣ ከሁሉ አስቀድሞ የተነሣውም ያው ካሜራ ነው። ታሪኩ በብዛት እንዳለ ቆይቷል፦ ዞምቢ የወረራት ራኩን ሲቲ፣ ሥራ በጀመረበት ቀን እሳት ውስጥ የሚገባው ወጣት ፖሊስ ሊዮን ኬኔዲ፣ ወንድሟን ፍለጋ የመጣችው ክሌር ሬድፊልድ፣ ድሮ ሙዚየም የነበረው ፖሊስ ጣቢያ። የተለወጠው ፍርሃቱ የተሠራበት መንገድ ነው።

የፕሌይስቴሽን ዋና ማኅደረ ትውስታ 2 ሜጋባይት ብቻ ነበር። ስለዚህ የጣቢያው ክፍሎች ቀድመው የተሣሉ ምስሎች ሆኑ፤ ካሜራው አንድ ጥግ ላይ ተተክሎ ተጫዋቹ ከምስሉ ጠርዝ ሲያልፍ ብቻ እይታው ይቀየራል። ካሚያና ባልደረቦቹ ይህን እጥረት ወደ ጥበብ ለወጡት። የዞምቢው ማቃሰት ይሰማል፣ ዞምቢው ግን ከምስሉ ውጭ ነው። «ሊከር» የተባለው ፍጡር የሚገባበት ትዕይንት እስከ ዛሬ የሚጠቀሰው በዚሁ ነው፤ በመጀመሪያ ከመስኮቱ ውጭ አንድ ነገር ሽው ብሎ ያልፋል፣ ጥቂት ቆይቶ ከጣሪያ ደም ይንጠባጠባል። ምን እንደሚታይና መቼ እንደሚታይ የሚወስነው ደራሲው ነው።

በአዲሱ ሥራ ካሜራው ከገጸ ባሕርይው ትከሻ ጀርባ ሆኗል። ይህ እይታ በ2005 ከወጣው «ሬዚደንት ኢቭል 4» የተወረሰ ሲሆን ለአስፈሪ ጨዋታ አደጋ አለው፤ ተጫዋቹ እንደ ፈለገ የሚያዞረው ካሜራ ምንም ነገር መደበቅ አይችልም። ሺንጂ ሚካሚ በ2002 የመጀመሪያውን «ሬዚደንት ኢቭል» ዳግም ሲሠራ ቋሚውን ካሜራ ሳይነካ በዚያ መንገድም ድንቅ ሥራ ማውጣት እንደሚቻል አሳይቷል። የ2019ኙ ዳይሬክተሮች ካዙኖሪ ካዶይና ያሱሂሮ አንፖ ግን ሌላ መልስ አገኙ። ኮሪደሮቹን አጨለሙ፤ ተጫዋቹ የሚያየው የእጅ ባትሪው የደረሰበትን ያህል ብቻ ሆነ። የቀረውን ለጆሮ ተዉለት።

በሩ ለብቻው ሊነሣ ይገባል። በ1998ቱ ጨዋታ በር በተከፈተ ቁጥር የሚታየው አጭር ትዕይንት ቀጣዩ ክፍል ከሲዲው እስኪጫን ጊዜ መግዣ ነበር፤ ዞምቢም ከክፍል ወደ ክፍል አይከተልም። በር ማለት መዳን ነው። በአዲሱ ግን ዞምቢው በሩን ይደበድባል፣ ከፍቶም ይገባል።

የዚህ ሁሉ ድምር ሚስተር ኤክስ ነው። በቀድሞው ጨዋታ ይህ ግዙፍ ፍጡር በሁለተኛው ዙር ብቻ (ጨዋታው በሌላው ገጸ ባሕርይ ሲቀጥል)፣ በተወሰኑ ቦታዎች ብቅ ይል ነበር። በአዲሱ ጨዋታ፣ ጣቢያው ላይ የወደቀውን ሄሊኮፕተር በአንድ እጁ አንሥቶ ከገባ በኋላ ጣቢያውን እየዞረ ተጫዋቹን ያሳድዳል። የጫማው ኮቴ ከላይኛው ፎቅ፣ ከጎን ክፍል፣ ከኋላ ይሰማል፤ ለማምለጥ ቢተኮስ ተኩሱ ይጠራዋል። በዚያ ላይ ሊከሩ ዕውር ስለሆነ በአጠገቡ ማለፍ የሚቻለው ቀስ ብሎ በመራመድ ነው። አንዱ ሩጥ ይላል፣ ሌላው አትሩጥ። ሁለቱ በአንድ ኮሪደር ሲገናኙ የሚፈጠረው ጭንቀት በቀድሞው ሥራ ውስጥ አቻ የለውም፤ አዲሱ ሥራ የራሱ ፈጠራ እንዳለው የሚያረጋግጠውም ይህ ነው።

ዳግም ሥራው የደከመው በታሪኩ አወቃቀር ላይ ነው፤ ድክመቱም ቀላል አይደለም። የ1998ቱ ጨዋታ በሁለት ሲዲ የወጣው አንዱ ለሊዮን፣ ሌላው ለክሌር ሆኖ ነው። በአንዱ ገጸ ባሕርይ የተጨረሰው ጉዞ በሌላው ሲቀጥል የመጀመሪያው ድርጊት ውጤት ይታያል። በጦር መሣሪያ ክፍሉ ያለውን መትረየስና ዕቃ መያዣ ቦርሳ የመጀመሪያው ተጫዋች ወስዶ ከሆነ ሁለተኛው ባዶ ቁም ሣጥን ይጠብቀዋል። ስስት ዋጋ ነበረው፤ አንድ ሌሊት በሁለት ሰው ዓይን የታየ ይመስል ነበር። በ2019ኙ ሥራ ሊዮንም ክሌርም ያንኑ ጭራቅ፣ ዊልያም ቢርኪንን፣ በዚያው የማሽን ክፍል፣ እያንዳንዳቸው እንደ አዲስ ይገጥሙታል። አንዱ የፈታውን የሐውልት እንቆቅልሽ ሌላው ደግሞ ይፈታዋል። ክፍልን ከክፍል ጋር እንዲህ አጥብቆ ያገናኘ ሥራ ሁለቱን ሰዎች ማገናኘት ተስኖታል፤ ሁለተኛውን ዙር የሚጀምር ተጫዋችም የትኛው ክስተት በእርግጥ እንደተፈጸመ ማወቅ አይችልም።