የበዛብህ ስለት በዊተን
«ፍቅር እስከ መቃብር»ን የጉርምስና መጽሐፍ አድርጎ ስለ ማንበብ

ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ያልተባለ ነገር ያለ አይመስልም። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ለአንባቢ ከቀረበ ጀምሮ፣ ይልቁንም ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ እየተረከ ፊደል ላልቆጠረው ጭምር ካደረሰው ወዲህ፣ ገሚሱ የፍቅር ታሪክ ነው ሲለው፣ ገሚሱ የባላባቱን ሥርዓት ግፍ ያጋለጠ መጽሐፍ ነው ሲለው ኖሯል። ሁለቱም አልተሳሳቱም። ነገር ግን በዊተን፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ ተቀምጦ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ለሚያሳድግ አንባቢ ይኸው መጽሐፍ ሦስተኛ ፊት ያሳያል። የጉርምስና መጽሐፍ ነው። ልጅ ከወላጁ እጅ ወጥቶ ራሱን የሚሆንባት ያቺ አጭርና አስጨናቂ ዘመን በማን ፈቃድ እንደምትመራ የሚጠይቅ መጽሐፍ ነው። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝም ይኸው ጥያቄ ነው።

በዚህ አካባቢ ኢትዮጵያውያን ወላጆች በተሰበሰቡበት ሁሉ፣ ከቅዳሴ በኋላም ይሁን በለቅሶ ቤት፣ አንድ ዓይነት ምሬት ይሰማል። «እኛ አገር ጉርምስና የሚባል በሽታ አልነበረም፤ ልጅ ያድጋል፣ ሰው ይሆናል፣ በቃ። ይህን ያመጣብን የዚህ አገር ትምህርት ቤትና ጓደኛ ነው» ይባላል። ሐኪም እንደመሆኔ ይህን አነጋገር ከምርመራ ክፍልም፣ ከራት ገበታም ሰምቼዋለሁ። ለመሆኑ እውነት ነውን?

ቋንቋችን ራሱ አይመሰክርለትም። ጎረምሳና ኮረዳ የሚሉት ቃላት ከባሕር ማዶ የመጡ አይደሉም። እኩያ፣ አብሮ አደግ፣ ባልንጀራ እያለ የጓደኝነትን ዓይነት ለይቶ የሚሰይም ሕዝብ የእኩያን ኃይል አያውቅም ማለት አይቻልም። አበው በዚህ ረገድ የነበራቸውን ሥጋት «ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ መጣች» ብለው ያለ ይሉኝታ ተናግረውታል። ለወጣት ሐሳብ የሚሰጡትንም ግምት «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» በማለት አስቀምጠውታል። እነዚህ ምሳሌያዊ አነጋገሮች የሚያሳዩት ጉርምስና አለመኖሩን ሳይሆን፣ ጉርምስና አፍ እንዳልነበረው ነው። ስለ ጎረምሳው የሚናገረው ምንጊዜም ትልቁ ሰው ነው። ጊደሯ ምን አስባ ከአህያዋ ጋር እንደዋለች የጠየቀ የለም።

ከዚህም በላይ የቆሎ ተማሪውን ሕይወት ማስታወስ ያሻል። ለብዙ መቶ ዓመታት አንድ ልጅ ገና ጢሙ ሳያቀመቅም ከወላጆቹ ቤት ወጥቶ፣ አንዳንዴም ጠፍቶ፣ ለምዱን ለብሶና አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከመንደር ውሻ ጋር እየታገለ ቁራሽ ይለምን ነበር። ከእኩዮቹ ጋር በሣር ጎጆ እያደረ፣ ከንባብ ቤት ወደ ዜማ ቤት፣ ከዜማ ቤት ወደ ቅኔ ቤት ይሻገር ነበር። የኔታ አንድ ናቸው፤ ተማሪው ግን ብዙ ነው። ስለዚህ ታናሹን የሚያስጠናው ታላቁ ተማሪ ነበር። የቅኔ ቤቱ ፉክክር፣ ቀልዱና የቅጽል ስሙ፣ የለመኑትን ቁራሽ ተካፍሎ ማደሩ የእኩዮች ባህል ካልተባለ ሌላ ምን ሊባል ይችላል? ወላጅ በሩቅ፣ መምህር በቅርብ፣ ባልንጀራ በጎን ማለት ነው። እንግዲህ «በእኛ አገር ልጅ ከወላጁ ጉያ ሳይወጣ ያድግ ነበር» የሚለው ትዝታ ለብዙ ቤት እውነት ቢሆንም፣ ሊቃውንታችንን ያፈራው መንገድ ግን እሱ አልነበረም። ሐዲስ ዓለማየሁም በጎጃም የቤተ ክህነት ትምህርት ቀስመው ነው ወደ ዘመናዊው ትምህርት የተሻገሩት።

በዛብህ በዚያው መንገድ ያልፋል። ነገር ግን መንገዱን የመረጠው እሱ አይደለም። የማንኩሳዎቹ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ልጃቸው እንዲተርፍላቸው ሲሉ፣ ዕድሜ ልኩን ቤተ ክርስቲያንን እንዲያገለግልና ሚስት እንዳያገባ በስለት ሰጡት። ልብ እንበል፤ ስለቱ የጭካኔ ሥራ አይደለም። ልጃቸውን ሞት እንዳይነጥቃቸው የፈሩ ሰዎች ፍቅር ነው። ይሁን እንጂ ተሳዩ ሌላ፣ ከፋዩ ሌላ ሆነ። መጽሐፉ በታተመበት ዓመት ገደማ፣ እ.ኤ.አ. በ1966፣ የሥነ ልቡና ሊቁ ጄምስ ማርሻ የኤሪክ ኤሪክሰንን ትምህርት መሠረት በማድረግ የወጣቶችን ማንነት በሁለት ጥያቄዎች መዝኖ ነበር። ወጣቱ አማራጮቹን መርምሯልን? ለአንዱስ ቃል ገብቷልን? ሳይመረምር ቃል የገባውን፣ ወይም ቃል የተገባለትን፣ ማንነቱ ያለ ጊዜው የተዘጋበት ወጣት አድርጎ መደበው። እንዲህ ያለው ወጣት ከውጭ ሲታይ የተረጋጋና ታዛዥ ነው፤ የወላጆቹም ኩራት ነው። ችግሩ የሚመጣው ከቃሉ ውጭ የሆነ ነገር ልቡን የነካው ዕለት ነው። ለበዛብህ ያ ዕለት የሰብለ ወንጌል ዕለት ነበር።

ሰብለ ወንጌል የነገሩ ሌላ ገጽ ናት። በልማዳችን ለሴት ልጅ የጉርምስና ዘመን እጅግ አጭር ነበረች። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ የጋብቻን ዕድሜ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ዓመት አድርጎ ነበር የወሰነው። ሁለቱ በ18 የተስተካከሉት በ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ነው። ሰብለ ከዚህ ልማድ ውጭ የቀረችው ነጻ ስለ ወጣች አይደለም፤ አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ ለዘራቸው የሚመጥን አማች ስላጡ ነው። በዚህም ጊዜ አገኘች፤ እኩያ ግን አላገኘችም። የበዛብህ ጉድለት ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። የትምህርት ባልንጀራ ነበረው፤ ክፍት የሆነ ነገ ግን አልነበረውም። ሐዲስ እነዚህን ሁለት ጎዶሎዎች በትምህርት ሰበብ ባገናኟቸው ጊዜ፣ በኔ ግምት፣ ፍቅር የተወለደው ከመልክና ከጠባይ ብቻ አይደለም። ሁለቱ በትውልድ ደረጃ እጅግ ቢራራቁም በዕጣቸው እኩዮች ነበሩ። ሁለቱም የሕይወታቸውን ውል ሌላ ሰው ፈርሞባቸዋል።

ጉዱ ካሳ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ሐያስያን ካሳ ዳምጤን የደራሲው አፍ፣ የለውጥ ነቢይ አድርገው ያነቡታል። እኔ ግን በመጀመሪያ የማየው ወላጅ ያልሆነ፣ የሚያዳምጥ ትልቅ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 በሐዋይ ካዋይ ደሴት የተወለዱ 698 ሕፃናትን ለአሥርት ዓመታት የተከታተለችው ኤሚ ቨርነር፣ በብዙ ችግር መካከል አድገው ቀና ሰው የሆኑት ልጆች ቢያንስ አንድ የማይከዳቸው ትልቅ ሰው እንደነበራቸው ተገንዝባለች። አክስት፣ ጎረቤት ወይም አስተማሪ ሊሆን ይችላል። በአገራችን ይህን ቦታ አጎት፣ የክርስትና አባት ወይም የንስሐ አባት ይሞላው ነበር። ሐዲስ ይህን ሰው «ጉዱ» አሰኝተው ማቅረባቸው ብዙ ይናገራል፤ ወጣትን እንደ ሰው የሚያነጋግር ትልቅ ሰው በዚያ ኅብረተሰብ ዓይን እብድ ነበርና።

መጽሐፉን ስናመሰግን ጉድለቱንም መሸፈን አይገባም። ሐዲስ ለበዛብህ ወላጅ፣ ጌታ፣ ፍቅረኛና መካሪ ሰጥተውታል፤ የትምህርት ባልንጀሮቹ ግን ዕጣውን የሚያዞር ድምፅ አልተሰጣቸውም። በስለቱ የሚጨነቀውን ወጣት በሌሊት ጎጆ ውስጥ «አንተስ ምን ትፈልጋለህ?» የሚለው አብሮ አደግ እንደ ካሳ ጎልቶ አይታይም። ደራሲው የሚያውቁትን ዓለም ከፊሉን በዝምታ አልፈውታል እላለሁ። ይህ ዝምታ የእሳቸው ብቻ አይደለም። ምሳሌያዊ አነጋገራችን ጊደሯን እንዳላናገራት ሁሉ፣ ልቦለዳችንም እኩያን እንደ አደጋ እንጂ እንደ ረዳት ለማየት ዘግይቷል።

የሕክምና ጥናት በዚህ ረገድ የሚለው ለወላጆች ሥጋትም፣ ለልጆች አቤቱታም ቦታ ይሰጣል። ከዊተን ጥቂት ማይል ርቆ በቤተስዳ በሚገኘው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ጄይ ጊድና ባልደረቦቹ የልጆችን አንጎል በየጊዜው በኤም አር አይ እያነሱ ተከታትለው፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጽሑፍ አንጎል በጉርምስና ዘመን ገና እየተሠራ መሆኑን አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ ማርጎ ጋርድነርና ሎረንስ ስታይንበርግ 306 ሰዎችን የመኪና ጨዋታ አጫውተው ነበር። ከ13 እስከ 16 ዓመት ያሉት ጓደኞቻቸው አጠገባቸው ሲሆኑ ብቻቸውን ከሚሆኑበት ጊዜ ይልቅ እጅግ ሲደፍሩ፣ ከ24 ዓመት በላይ ያሉት ግን በጓደኛ መኖር ብዙም አልተለወጡም። ስለዚህ የአበው ሥጋት መሠረት አለው። ፌንታኒል የተቀላቀለበት ክኒን በሚዞርበት ዘመን የሚሠጋ ወላጅ ኋላ ቀር አይባልም። ነገር ግን ያው ወደ እኩያ የሚስበው ኃይል ልጁ ከወላጁ ቤት ወጥቶ በዓለም ውስጥ መቆምን የሚማርበት ኃይልም ነው። የቆሎ ተማሪውን ከጎጆ ጎጆ ያሻገረው ይኸው ነበር። ከእኩያ የተነጠለ ልጅ ከአደጋ አይድንም፤ አደጋው ይዘገያል እንጂ።

ወደ ራሳችን እንመለስ። ሐዲስ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተማርከው በጣሊያን አገር በእስር የቆዩ፣ ከጦርነቱም በኋላ በዚህችው በዋሽንግተን በዲፕሎማትነት ያገለገሉ ሰው ነበሩና ከአገር መራቅን ያውቁታል። ዛሬ በዚህች ከተማ ዙሪያ ስንቱ ወላጅ ተስሏል! በሱዳን በረሃ ያለፈው፣ በዲቪ የመጣው፣ ሌሊት ታክሲ እየነዳ ቀን መኪና ማቆሚያ የሚጠብቀው ሁሉ በልቡ «ልጄ ሐኪም ይሆናል» ብሎ ተስሏል። በሞንትጎመሪ ካውንቲና በአሌክሳንድሪያ የትምህርት ቤቱ ደብዳቤ በአማርኛ ቢመጣም፣ በፋርማሲና በባንክ የሚያስተረጉመው ግን ያው ልጅ ነው። «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» የሚለው ተረት እዚህ ተረት መሆኑ ቀርቷል። ልጁ በቀን የቤቱ አፈ ጉባኤ፣ በማታ ደግሞ አስተያየት የማይጠየቅ ሕፃን ይሆናል። ሁለቱን በአንድ ትከሻ መሸከም ከባድ ነው። ስለቱ ብዙ ሐኪምና መሐንዲስ ማፍራቱን አልክድም፤ ይህን የምጽፈውም ከነዚያ መካከል ሆኜ ነው። ይሁን እንጂ በምርመራ ክፍል የማያቸው እንቅልፍ ያጡ፣ ሆዳቸውን ያለ ምክንያት የሚያማቸው ልጆች ብዙዎቹ ሰነፎች አይደሉም። ጎበዞች ናቸው። ውጤታቸው «ኤ» ነው። «አንተስ ምን ትፈልጋለህ?» ሲባሉ ግን ጥያቄው እንግዳ ይሆንባቸዋል።

«ፍቅር እስከ መቃብር» ወላጆችን በክፋት አይከስም፤ ታላቅነቱም ከዚህ ነው። የማንኩሳዎቹ ባልና ሚስት የተሳሉት ልጃቸው ሊሞት ነው ብለው በፈሩበት ሰዓት ነበር። ልጁ ድኖ አደገ፤ ስለቱ ግን በሽታውን አልፎ ኖረ። የእኛም ስለት የተነገረው በአስጨናቂ ሰዓት፣ በድንበር ላይ፣ በቪዛ ሰልፍ፣ በባዶ ኪስ ነበር። ያ ሰዓት ለብዙዎቻችን አልፏል። እንግዲህ መጽሐፉን ከመደርደሪያ አውርዶ፣ አማርኛ ለማያነበው ልጅ በእንግሊዝኛ የተተረጎመውን ሰጥቶ፣ ስለ በዛብህ ምን እንደሚያስብ መጠየቅ ይቻላል። ልጁ ስለ በዛብህ የሚመልሰው ስለ ራሱ የማይደፍረውን ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ከወላጅ የሚጠበቀው ጉዱ ካሳ ያደረገውን ማድረግ ነው፤ ሳያቋርጡ ማዳመጥ።