ስለ ሃሌ ከተማ ሥዕሎችና ስለ ግልባጮቻቸው

በማተሚያ መኪና የሚባዛ የሥዕል ግልባጭ መልኩን ያደርሳል እንጂ ብርሃኑን አያደርስም። ይህም በሊዮኔል ፋይኒንገር ሥዕሎች ይታወቃል። ይህ ሠዓሊ በኤውሮጳ አቈጣጠር ከ1929 እስከ 1931 ዓ.ም. በጀርመን አገር የምትገኘውን የሃሌን ከተማ በ11 የቀለም ሥዕሎች ሣለ። በነዚህም የካቴድራሉና የገበያው ቤተ ክርስቲያን ግንብ እንደ ብርሌ ጠርቶ፥ ብርሃን ድንጋዩን ሰንጥቆ ሲያልፍ ይታያል። ግልባጩ የግንቡን መሥመር ሳያጓድል ያሳያል፤ ነገር ግን በስሱ ተደራርቦ የተቀባው ቀለም በወረቀቱ ላይ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ የግንቡም ግርማ በገጹ ልክ ያንሳል።

ይሁን እንጂ ኅትመትን መናቅ አይገባም። ፋይኒንገር ራሱ በ1919 ዓ.ም. ባውሃውስ ለተባለው የጥበብ ትምህርት ቤት ዐዋጅ፥ በጕልላቶቹ ላይ ሦስት ኮከብ ያለበትን ካቴድራል በእንጨት ቀርጾ አሳተመ። ይህ ሥራ ለወረቀት የተወለደ ስለ ሆነ የጐደለው የለም። የሃሌም ሥዕሎች በ1937 ዓ.ም. በናዚዎች ተወስደው ስለ ተበታተኑ፥ ለብዙ ሰው ጎን ለጎን የሚያገናኛቸው ግልባጩ ነው። እንግዲህ ግልባጩን በቤቱ የሚሰቅል ሰው ደስ ይበለው፤ ዋናውን አየሁ ግን አይበል።