ፊሽካ ያንጠለጠሉ ተማሪዎች

ከመገናኛ ወደ አያት የሚወስደው መንገድ ጠዋት ጠዋት ሚኒባሱም ሲኖትራኩም የሚሽቀዳደምበት ነው። ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ መሃሉን የቀላል ባቡሩ ሐዲድ ይዞታል፤ ልጅ እንደልቡ አይሻገረውም።

ተማሪ ትራፊክ ዋጋው የሚታወቀው እንዲህ ባለ መንገድ ላይ ነው። አንጸባራቂውን ሰደርያ ዩኒፎርሙ ላይ ደርቦ፣ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ «ቁም» የሚለውን ምልክት ከፍ ሲያደርግ፣ ለትራፊክ ፖሊስ እንኳ የሚያጉረመርም ሾፌር ፍሬን ይይዛል። (የራሱ ልጅ ትዝ ብሎት ይሆን?) ጎበዙ ተማሪ ትራፊክ ታናናሾቹን ዜብራው ጫፍ ላይ ሰብስቦ ያቆማል፤ መኪናው ፍጥነት ስለቀነሰ ብቻ አይለቃቸውም፣ ጎማው ቀጥ እስኪል ይጠብቃል። በአዲስ አበባ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች በመሆናቸው፣ ያቺ የጥቂት ሰከንድ ትዕግሥት ቀላል አይደለችም።

ሸክሙ ሁሉ በልጅ ትከሻ ላይ መጣሉ ግን ደግ አይደለም። የደኅንነት ሥልጠና ለርዕሰ መምህሩም ያስፈልጋል፦ በሩ መቼ እንደሚከፈት፣ ሰርቪሱ የት እንደሚቆም፣ ሕፃኑን ማን እንደሚረከብ የሚወስነው እሱ ነው። የፖሊስ 991 እና የእሳት አደጋ 939 ቁጥሮችም በጥበቃው ክፍል ግድግዳ ላይ በጉልህ ይጻፉ።

ሾፌሮችም፣ ልጁ ምልክቱን ሲያነሳ እባካችሁ ቁሙለት።